ትርሲትና የተጣሉት ዕቃዎቿ

ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን የሆነውን ላጫውታችሁ። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ዋይፋይ ግን ነበረ።

በአንዲት ደጋ ከተማ ትርሲት የምትባል የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበረች። ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ሩቅ ካሉት አለቃዋና ደንበኞቿ ጋር በላፕቶፕ እየተያየች ትሰበሰባለች። በዚያ ዓመት የነደፈችው ቤት ከሥራዎቿ ሁሉ ይበልጥባት ነበር፤ ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ቀን እስኪደርስ የሚያርፉበት ማቆያ። አራት ወር ደክማ፣ አምሳያውን በካርቶን ሠርታ ጨረሰችው።

ሰኞ ዕለት ለስብሰባ ተቀመጠች።

«ትርሲት፣ አለሽ?» አሉ አለቃዋ አቶ ቸሩ።

«አለሁ ጋሼ።»

«ድምፅሽ አለ፤ አንቺ ግን የለሽም። የሚታየን ጥላ ብቻ ነው።»

ትርሲት የካርቶኑን ቤት አንስታ ወደ ካሜራው አስጠጋችው። ማቆያውን የሚረከቡት አዋላጅ፣ ሲስተር ውዴ፣ አንገታቸውን አስግገው አዩ፣ አዩ፣ አዩና «ይሄ ጥቁሩ ነገር በር ነው ወይስ ጉድጓድ?» ብለው ጠየቁ።

ትርሲት አፈረች። አቶ ቸሩም «ያላዩትን ቤት እንዴት እሺ ይበሉ? እስከ ዓርብ ካልታየ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል» አሏት።

ይህን ሁሉ ድመቷ ዳማ ትሰማ ነበር። ዋይፋዩ የሚኖረው ከቆርቆሮ በተሠራ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ገላው ይሞቃል፤ ዳማም ቀኑን ሙሉ እላዩ ላይ ተጋድማ ትውላለች። «ትርሲት ነገሩን ከመረመረች ሙቀቴን ልትወስድብኝ ነው» ብላ ፈራች። ፈራችና ነገር ማመላለስ ጀመረች።

ወደ ካሜራው ሄዳ «ዋይፋዩ ዕውር ነው ይልሃል» አለችው።

ወደ ዋይፋዩ ሄዳ «ካሜራው ሰነፍ ነው ይልሃል» አለችው።

ወደ ላፕቶፑ ሄዳ «ሁለቱም አርጅቷል ይሉሃል» አለችው።

ወዲያው ቤቱ ታመሰ። «ዕውር ራስህ!» «ሰነፍ አንተ!» «ማን ነው ያረጀው?»

ዳማም ለትርሲት በጆሮዋ «ካሜራውን ጣይው፤ ጥፋቱ የሱ ነው» አለቻት። ትርሲት ተናዳ ነበርና ካሜራውን ከላፕቶፑ ራስ ላይ ነቅላ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ወሰደችው።

«እመቤቴ!» አለ ካሜራው። «ከመጣልሽ በፊት ምን ቸገረህ በይኝ!»

ትርሲት እጇን ሰበሰበች። «እሺ፣ ምን ቸገረህ?»

«ከጀርባሽ ያለው መስኮት ፀሐዩን ዓይኔ ውስጥ ይረጭብኛል። እሱ ሲበራ አንቺ ትጠቁሪያለሽ።»

«እኔ ማብራት እንጂ ተንኮል አላውቅም» አለ መስኮቱ። «ጀርባሽን ነው የሰጠሽኝ። ፊትሽን ስጪኝ!»

ትርሲት ካሜራውን ወደ ቦታው መልሳ ጠረጴዛውን አዞረች። ረቡዕ በስብሰባው ላይ ፊቷ በራ።

«ደግሞ ዛሬ ጉም ለበስሽ» አሉ አቶ ቸሩ።

አሁን አልተናደደችም። «ካሜራዬ፣ ምን ቸገረህ?»

«ሰኞ ስትነቅዪኝ ቅባት በነካው ጣትሽ ዓይኔን ያዝሽኝ።»

ትርሲት ሳቀች። በለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርጋ ጠረገችው፤ ጉሙም ተገፈፈ።

ዓርብ መጣ። ጠዋቱ ብሩህ ነው፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ዳማ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ በሩን ከውስጥ ጎትታ ዘጋችው። ስብሰባው ተጀመረ፤ ትርሲት የካርቶኑን ቤት አነሳች፤ «በሩ...» ብላ ሳትጨርስ ምስሉ ደርቆ ቀረ።

«ትርሲት፣ እያዛጋሽ ነው እንዴ?» አሉ ሲስተር ውዴ። ድምፁም ተቆርጧል። «በሉ፣ አምስት ደቂቃ እንጠብቃት» አሉ አቶ ቸሩ።

ትርሲት ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጠች። «ዋይፋዬ፣ ምን ቸገረህ?»

«አፈንሽኝ!» አለ ድምፁ ከውስጥ። «ዙሪያዬ ቆርቆሮ፣ በሩ ዝግ፣ እላዬ ድመት! ብጮህ ማን ይሰማኛል?»

በሩን ስትከፍት ዳማ ተኮማትራ አገኘቻት። «ብርድ ነው እኮ» አለች ድመቷ። ወዲያው ደግሞ አቀርቅራ «ያጣላኋቸውም እኔ ነኝ» አለች።

ለቁጣ ጊዜ አልነበረም። ትርሲት ዋይፋዩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከላፕቶፑ ጎን አስቀመጠችው። ለዳማም የራሷን ነጠላ አጥፋ አነጠፈችላት። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«መጣሽ!» አሉ አቶ ቸሩ። «ኧረ የአንገትሽ ማተብ እንኳ ይታያል!»

ሲስተር ውዴ የካርቶኑን ቤት ትኩር ብለው አዩት። «በሩ ቃሬዛ ያሳልፋል?»

«ሁለት ቃሬዛ ጎን ለጎን ያሳልፋል፣ ሲስተር። ደረጃም የለውም፤ እናቶቹ ሆዳቸውን ይዘው እንዳይወጡ እንዳይወርዱ ብዬ ነው።»

ሲስተር ውዴ ይህን ሲሰሙ እልል አሉ! አቶ ቸሩ አጨበጨቡ፤ ካሜራውና ዋይፋዩ ተሳሳቁ፤ ላፕቶፑም «አላረጀሁም አላልኳችሁም?» አለ። ዳማ አንድ በአንድ እየዞረች ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ቤቱ ተሠራ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት እናቶች አርፈውበት በሰላም ተገላገሉ።

እናንተም ልብ በሉ፤ ነገር ሲበላሽባችሁ «ማን አጠፋ?» ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት፣ «ምን ቸገረህ?» ብላችሁ ጠይቁ።