እጆቿ እስኪያርፉ

አንድ ቪዲዮ አቀናባሪ ነበረ፤ ስሙ ምንተስኖት ይባላል። ሰርግም ይሁን የልጆች ምረቃ፣ በሰፈሩ የተቀረጸ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እሱም ትርፉን ቆርጦ፣ ፍሬውን ለቅሞ ይመልሳል። ሥራ ሲበዛበት ኮምፒውተሩ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ አጋዥ አስገባ። ይህ አጋዥ ትእዛዙን በጽሑፍ ከሰጡት፣ ቪዲዮውን ራሱ ከፍቶ ያያል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ስም ሰጥቶ ያስቀምጣል። ደከመኝ አይልም፣ አያጉረመርምም። ምንተስኖት እንደ ልጁ ይኮራበት ነበር።

አንድ ሐሙስ ሁለት ሴቶች ወደ ሱቁ ገቡ። አንደኛዋ መምህርት ትርንጎ ናቸው። ራሳቸው አይሰሙም፤ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በምልክት ቋንቋ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ሸብቷል። ሁለተኛዋ አስካለ ትባላለች፤ ከሩቅ ገጠር የመጣች እናት ናት። የሰባት ዓመት ልጇ ብርቄ አትሰማም። በአገራቸው የሚያስተምር ስለሌለ፣ እንደ እሷ ካሉ እናቶች ጋር ልጆቻቸውን ይዘው ከተማ ገብተው፣ ሁለት ወር ምልክቱን ሲማሩ ከርመዋል። ለመምህርቷ አፍ ሆና የምትናገረው አስካለ ናት።

"ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሳችን ይነሣል" አለች። "መምህርታችን ብቻቸውን ተቀምጠው ሁሉንም ትምህርት ቀርጸውልናል። አንዱን ካንዱ ለይተህ፣ አጠር አጠር አድርገህ በየስልካችን ካልጫንክልን ባዶ እጃችንን መግባታችን ነው። እኛ እንደሆን እንረሳዋለን።"

ቅጂው ሃያ ሰዓት ይሆናል። በእጅ ከተሠራ ከሁለት ሳምንት በፊት አያልቅም። ምንተስኖት ግን "አይዟችሁ፣ ነገ ኑ" ብሎ ሸኛቸው። ለአጋዡም ሁልጊዜ ለሰርግ ንግግር የሚሰጠውን ትእዛዝ ሰጠው፦ "ድምፅ የሌለበትን ቆርጠህ ጣል፤ ድምፅ ያለበትን አስቀር።"

አርብ ጠዋት ሴቶቹ መጡ፤ ቪዲዮው ተከፈተ። ወንበር ሲጥ አለ። አንድ ሰው ከውጭ ሲያስል ተሰማ። አውራ ዶሮ ጮኸ። በር ተንኳኳ። አለቀ። ሃያው ሰዓት አራት ደቂቃ ሆኖ ቀርቷል።

የአስካለ ፊት ዐመድ መሰለ። መምህርቷ ምን እንደተሰማ ጠየቁ፤ በእጇ ነገረቻቸው። ይቆጣሉ ሲባል ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፤ እጆቻቸውም ፈጠን ፈጠን አሉ።

"ምን አሉ?" አለ ምንተስኖት አንገቱን ደፍቶ።

"'ሃያ ሰዓት ሙሉ ስለፈልፍ የሰማኸው አውራ ዶሮውን ብቻ ነው?' ይሉሃል።"

ምንተስኖት ማሽኑን ሊወቅስ አፉን ከፈተና ተወው። አጋዡ ያዘዘውን አንዲት ነገር ሳያጎድል ፈጽሟል። ያጠፋው አዛዡ ነው። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ዋናው ቅጂ አልጠፋም" አለ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና፣ በሙያው ዘመን ሁሉ ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

"እርስዎ ዝም ሲሉ በምን ይታወቃል?"

አስካለ በእጇ ስታደርስላቸው፣ መምህርቷ ሳቃቸውን ገቱ። ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቀስ ብለው በእጃቸው ተናገሩ፤ አስካለም ተከትላ ተረጎመች፦

"እጄ ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ ዝም ብያለሁ። አየር ላይ ቆሞ ከቀረ ግን እያሰብኩ ነው፤ አትቁረጠኝ። ቅንድቤ ተነሥቶ ከቆየም ጠይቄህ መልስህን እየጠበቅኩ ነው።"

ምንተስኖት ይህንን ቃል በቃል ለአጋዡ ጻፈለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ ለቅሟልና፣ በዚህኛው "በመጀመሪያ አንዷን ትምህርት ብቻ ሠርተህ አሳየን" አለው። አሳየ። መምህርቷ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩ።

"'እዚህ ጋ ያስቀረው ትምህርት አይደለም፤ አፍንጫዬን ሳክ ነው' ይላሉ!" አለች አስካለ። ሦስቱም ሳቁ። ያም ተስተካከለ።

ከዚያ በኋላ ያለው አፍ የሚያስከፍት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ መቶ አርባ ትምህርት ለየብቻው ተቆርጦ፣ ስም ስሙ ተጽፎበት ተደረደረ፦ ውሃ፣ ያመኛል፣ እናት፣ ፍርሃት። አንዲት ምልክት ከመሐል አልተቆረጠችም። መምህርት ትርንጎ አምሽተው አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ጎበዝ ተማሪ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ቅዳሜ ምንተስኖት ራሱ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ፣ ትምህርቱን የጫነባቸውን ስልኮች ለእናቶቹ አደለ፤ የአስካለንም በአውቶቡሱ መስኮት አቀበላት። ብርቄ እናቷ ጭን ላይ ሆና አንዱን ከፈተች፤ ሌላም ደገመች። ከዚያ እጆቿ ሥራ ጀመሩ። ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሙዝ ሻጩ፣ ስለ ምንተስኖት ትልቅ ጆሮ ሳይቀር አወራች። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ትንንሽ እጆቿን የእናቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች።

"አሁን ዝም አለች" አለች አስካለ፤ እንባዋ በዓይኗ ግጥም ብሏል። "በአገራችን 'ዝምተኛዋ' ነበር የሚሏት። ወንድሜ፣ ሰባት ዓመት አሳድጌያት፣ ዝም ስትል ያወቅሁት ከትናንት ወዲህ ነው።"

እንግዲህ የሁለት ሳምንቱን ሥራ በግማሽ ቀን የሚጨርስ አጋዥ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ጥበብ ለሰው ልጅ የሰጠ አምላክ ይመስገን። ነገር ግን ስሕተታችንንም በዚያው ፍጥነት ይሠራልናል። ምን እንደሚቆረጥ የሚማረው ከእኛ ነው፤ እኛም የነገሩን ባለቤት ዝቅ ብለን ካልጠየቅን አናውቀውም። ፈጣሪ የሚሰማው ድምፅ ያለውን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ስንቱ ጸሎት መሬት ላይ በቀረ ነበር!

ለመሆኑ በእርስዎ ቤት "እሱ እንደሆነ ዝምተኛ ነው" ተብሎ የተተወ ማን አለ? በምን እንደሚናገርስ ጠይቀውት ያውቃሉ?