የምታፈሰው ቆርቆሮ

አንድ ነጋዴ ሰፊ ቤት ሊያሠራ ከአንድ ግንበኛ ጋር ተዋዋለ። በዚያ አገር ደንብ፣ ከግንበኛው ክፍያ ከአሥር እጅ አንዱ መያዣ ተብሎ በባለቤቱ እጅ ይቆያል። ቤቱ አንድ ክረምት ከርሞ ጉድለት ከተገኘበት ግንበኛው መጥቶ ያስተካክላል፤ ከዚያ መያዣው ይለቀቅለታል። ደንቡ ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያበላሸው ሰው ነው።

የግንበኛው ትርፍ ያው መያዣው ብቻ ነበር፤ ሌላው ለድንጋይና ለቀን ሠራተኛ አልቋል። ሥራውን የጀመረውም የራሱን ጎጆ አስይዞ በተበደረው ነው። መያዣው ካልተለቀቀ ጎጆው ይወሰድበታል።

ቤቱ ተሠርቶ አልቆ ክረምት ሲገባ በነጋዴው መኝታ ቤት ላይ አንዲት የጣሪያ ቆርቆሮ አፈሰሰች። ግንበኛው እንደሰማ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ።

«ጌታዬ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም» አለ።

«ዛሬ እንግዳ አለብኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ ና» አለው ነጋዴው።

ክረምቱ ወጥቶ ዝናቡ ሲያባራ ግንበኛው ተመልሶ መጣ።

«አሁንማ ዝናብ የለም። መጠገኑን በምን አውቃለሁ? የሚመጣው ክረምት ሲገባ ና» አለው ነጋዴው።

አይ ሰው! ሚስቱን እንኳ አላስችል አላት። «ምናለ ብታስጠግነው? ክረምቱን ሙሉ የጣሪያውን ፍሳሽ በባልዲ ስገለብጥ ከረምኩ እኮ» አለችው።

«ከተጠገነ መክፈሌ አይደል? ገንዘቡ ሱቅ ውስጥ እየሠራልኝ ነው። ባልዲ ርካሽ ነው፤ ሌላ እገዛልሻለሁ» አላት።

አበዳሪው ግን ክረምት አልጠበቀም። ግንበኛው መጀመሪያ መዶሻውን፣ ቀጥሎ መሰላሉን ሸጠ፤ አልበቃም። ጎጆው ተወሰደ። ልጆቹን ይዞ የሰው ጓሮ ተጠጋ፤ ድንጋይ ተሸካሚም ሆነ።

በሁለተኛው ክረምት ውሃ የጠገበው የጣሪያ እንጨት በስብሶ ወደቀ። የወደቀው በነጋዴው ላይ አልነበረም። ባልዲ ልትገለብጥ በተነሳችው ሚስቱ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄደችም።

ነጋዴው ግንበኛ ፈለገ። ሁሉም ወሬውን ሰምተዋልና እሺ የሚለው ጠፋ። ቢጨንቀው መያዣውን ቋጥሮ የቀድሞውን ግንበኛ ድንጋይ ሲሸከም አገኘው።

«ይኸው ገንዘብህ። በል ና ጣሪያዬን ሥራልኝ።»

ግንበኛው ሸክሙን አውርዶ ገንዘቡን ተቀበለ።

«ጌታዬ፣ ያኔ ይህ ገንዘብ ቤቴ ነበር፤ ዛሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ጣሪያዎን ልሥራ ብልስ በምን እወጣለሁ? መሰላሌን ሸጫለሁ» አለውና ድንጋዩን መልሶ ተሸከመ።

ወዳጆቼ፣ መያዣ የሚያዘው ሥራው እንዲቃና ነው። ላለመክፈል ሲል ጉድለቱ እንዳይታረም የሚያደርግ ሰው፣ የሌላውን ቤት ያፈርሳል፤ በራሱም ቤት ጥፋት የሌለበትን ይጎዳል። ዘግይቶ መክፈል ደግሞ ሁልጊዜ መክፈል አይደለም። እናንተስ «ሌላ ቀን ና» ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው አለ? ዛሬ የት እንደሚያድር ጠይቃችኋል?