መሃሉ

አንድ ከሰዓት በኋላ መምህራችን መኪናዬን አጠፋው። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ወራት ፈጅቼ የሠራሁትን የመኪና ቦዲ በክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት ሰረዘው።

ያኔ የማድረው ጋራዥ ውስጥ በቆመ አሮጌ ሚኒባስ ነበር። የአውቶቡስ ቦዲ የሚሠራ ፋብሪካ የሠራነውን መኪና አይቶ ከእኛ ክፍል አንድ ሰው ሊወስድ ነበር፤ ሥራውን ከነመኖሪያው ሊሰጠው። መኪናዬ ለእኔ ያ ቤት ነበር።

የመኪና ቦዲ በኮምፒውተር ሲሠራ ግማሹ ብቻ ይሠራል። የግራው ጎን ሲያልቅ ፕሮግራሙ እንደ መስታወት ገልብጦ ቀኙን ይሰጣል። ስለዚህ ሁላችንም የምንለፋው በሩና መብራቱ ላይ ነበር።

መምህር ወርዶፋ የሠራሁትን ግማሽ ገለበጠና በቦዲው ላይ አገጣጠሙን የሚፈትሹ ጥቁርና ነጭ መስመሮች አበራ። መስመሮቹ ከግራ መጥተው መሃል ላይ ሲደርሱ ተሰበሩ። መኪናው ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው በቢላ የተሰነጠቀ ይመስል ነበር።

«ምን ታያለህ?»

«ትንሽ መስመር ናት፣ ጋሼ። በቀለም ትሸፈናለች።»

«ላሜራ በቀለም ይገጥማል እንዴ? በሩ ላይ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ከወር በላይ።»

«መሃሉ ላይስ?»

በሩን አጉልቼ ላሳየው ሞከርኩ።

«ፍላሽህን አምጣ።»

ቅጂ ሊያስቀምጥልኝ መስሎኝ ሰጠሁት። በፍላሹ ያለውንም፣ በኮምፒውተሩ ያለውንም አጠፋ። ማውሱን ነጥቄ ፈለግኩት፤ የለም።

«መሃሉን ላሳይ የሚል አለ?» አለ መምህሩ።

የክፍላችን ልጅ ትርሲት ላፕቶፗን ግጥም አድርጋ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ጋሼ፣ የኔዋን አይንኩብኝ! ገና ታርጋ እንኳ አላወጣሁላትም!»

ክፍሉ ሳቀ። ግን ሁሉም እየዘጋ፣ መኪናውን እያዳነ ወጣ።

«አንተስ አትሄድም?» አለኝ መምህሩ።

«የት ልሂድ፣ ጋሼ?»

የቀረሁት ጎበዝ ስለነበርኩ አልነበረም። መሄጃ አልነበረኝም።

«እንግዲያው ከመሃል ጀምር» አለኝ። «ግማሹ መሃል ሲደርስ ሌላውን ግማሽ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ይድረስ። ስለታም ጠርዝ ይዞ አይምጣ። የመጀመሪያው ቀን ነግሬያችሁ ነበር።»

ያን ዕለት ከመሃል እንደ አዲስ ጀመርኩ። የፋብሪካው ሰው ሊመርጥ ሲመጣ መጀመሪያ ያበራው እነዚያኑ መስመሮች ነበር። የጓደኞቼ መኪኖች መብራት፣ እጀታ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ነበራቸው፤ ሁሉም መሃል ላይ ተሰነጠቁ። የእኔ መኪና ገና መብራት እንኳ አልነበረውም። መስመሮቹ ግን ሳይቆረጡ ከዳር እስከ ዳር አለፉ። ሰውዬው ስሜን ጠየቀ።

መምህሩ ያደረገው ልክ ነበር አልልም። ግን ከዚያ ወዲህ የፈረሱ ትዳሮችንና ሽርክናዎችን አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገን በየጎኑ ያማረ ነው። የሚሰነጠቀው የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ማንም አልሠራበትምና። የራስን ጎን ማሳመር ቀላል ነው። ሌላውን የምንነካበትን ጠርዝ ማስተካከል ግን ያሳመርነውን ማፍረስ ሊጠይቅ ይችላል። እርስዎ ዛሬ መሃሉን ያሳዩ ቢባሉ የሚያሳዩት ከማን ጋር የሚገናኙበትን ነው? ወይስ ዘግተው ይወጣሉ?

ከዚያ ክፍል በቦዲ ሥራ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።