ለቅሶውን ያስጠናው ባለጸጋ

አንድ ነጋዴ ወደ መምህሩ መጥቶ «ለሞት ተዘጋጁ ይሉናል። እኔ መገነዣዬን ገዝቻለሁ፤ የመቃብሬንም ቦታ ይዣለሁ። ሌላ ምን ቀረኝ?» ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩም እንዲህ አሉት፦

«አንድ ባለጸጋ ነበረ። እንዳንተው አርቆ አሳቢ ነው። መገነዣውን ገዛ፤ መቃብሩን በቁመቱ ልክ አስቆፈረ። ገብቶ ተኛበትና ‹ትከሻዬ ጋ ጠበበኝ› ብሎ ቆፋሪውን እንደገና አደከመው። ልጆቹን ስለማያምን ተዝካሩንም በቁሙ አወጣ። ሰንጋ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ። ካህናቱ ሲበሉ እሱም አብሯቸው በላ። ጎረቤቶቹ ‹ሟቹ ደህና ይጎርሳል› ተባባሉ።

ይህም አልበቃው። ለቅሶዬ ይበላሽብኛል ብሎ ሰጋ። አንዲት አልቃሽ አስጠርቶ በየእሑዱ የራሱን ሙሾ ያስጠናት ጀመር። ሚስቱም አጠገቧ ቆማ ደረት መድቃት ትለማመዳለች። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያርማል። ‹ፈረስ ግልቢያዬን ዘለልሽው› ይላል አልቃሿን። ሚስቱን ደግሞ ‹ጠበቅ አድርገሽ ምቺ እንጂ፤ የሞተው እኮ ባልሽ ነው› ይላታል። እሷ ግን ሁለቴ ደቅታ ሳቅ ያመልጣታል።

‹አንተ ሰው፣ እዚያ ተጎልተህ እያየኸኝ እንዴት አድርጌ ላልቅስህ?› ትለዋለች። ይቆጣታል፤ እንደገና ትጀምራለች።

አንድ ክረምት ሚስቱ በሦስት ቀን ትኩሳት ሞተች።

ሰዎች መጥተው የት እንቅበራት አሉት። ባለጸጋው ተነሣ። መገነዣውን ከሣጥን አውጥቶ ሰጣቸውና ‹በእኔ ጉድጓድ ቅበሯት› አለ። ጉድጓዱ ሰፋት።

በለቅሶው ላይ አልቃሿ ቆመች። የምታውቀው ግን የእሱን ሙሾ ብቻ ነው። በለመደችው ‹ፈረሰኛው› ብላ ጀመረችና ደንግጣ አቋረጠች። የሟቿን ነገር እንዲነግራት ወደ ባሏ ዞረች። ለቀስተኛውም ሁሉ ዞሮ አየው። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረው ሰው አፉን ከፍቶ የሚለው አጣ። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስፈራት አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። በመጨረሻ ‹ትስቅ ነበር፤ እኔም እቆጣት ነበር› አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። አልቃሿ ሌላ ስላላገኘች ያንኑ ደጋግማ አዜመችው። በዚያ ለቅሶ ደረቅ ዓይን አልነበረም።

ባለጸጋው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። መቃብር እናስቆፍርልህ ወይ ሲሉት ‹እሱ የእናንተ ሥራ ነው፤ እኔ ጊዜ የለኝም› ይላቸው ነበር። ከልጆቹ ደጅ አይጠፋም ነበርና።

አየህ ልጄ፣ ባለጸጋው የሚሞተው እሱ ብቻ መስሎት ነበር። አንተም እንደዚያው ነህ። ሰው የራሱን ሞት አያየውም፤ የሚያየው የወዳጆቹን ነው። ለዚያ ደግሞ ጨርቅ ገዝቶ መቀመጥ አይጠቅምም፤ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ አብሮ መኖር ነው እንጂ። ከመጣህ ጀምሮ የነገርከኝ ስለ መገነዣህ ነው። እስቲ አሁን ስለ ሚስትህ ንገረኝ።»

ነጋዴው ጥቂት አሰበና «ደህና ሰው ናት» አለ።

«ይህንንማ ስለ ጎረቤትህም ትለዋለህ» አሉት መምህሩ። «በል አሁን ተነሥተህ ቤትህ ግባ።»