የግራው አምስተኛ ጎማ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ሰው አንድ ጎማ ፈለገ። ጎማው የሸሚዝ ቁልፍ ያክላል። ሰውየው ሃምሳ አለቃ ወንዳፍራሽ ነው፤ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የታንክ ሹፌር ነበር። አሁን ከፕላስቲክ የሚገጣጠሙ ትንንሽ ታንኮች ይሠራል። ይህኛውን የሚሠራው ለሙክታር ነው። ሙክታር የዚያው ታንክ ተኳሽ ነበር፤ ዛሬ ዓይኑ አያይም። "አቦ ወንዴ፣ ታንካችንን አንዴ በእጄ ልዳብሳት" ብሎታል።

ወንዳፍራሽ አዲስ ሣጥን ገዛ። ከድሮው ጋር ሲተያይ ሥዕሉ አምሯል፣ ካርቶኑ ሰፍቷል፣ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ፕላስቲኩ ግን ሲነኩት ይሰበራል። የግራው አምስተኛ ጎማ ደግሞ ክብ ሳይሆን እንቁላል ነው። ጎማው አልገጥም አለ፤ ታንኩ አልቆም አለ።

ወደ ሻጯ ወደ ኢፍቱ ሄደ።

"ኢፍቱዬ፣ አስመጪውን ደህና ጎማ ጠይቂልኝ።"

"እኔ? ጋሼ ወንዴ ደግሞ! ከተጨቃጨቅኩት ዕቃ ይከለክለኛል።"

ኢፍቱ አስመጪውን አልጠይቅ አለች፤ ጎማው አልገጥም አለ፤ ታንኩ አልቆም አለ።

ወደ አስመጪው ወደ አቶ ጣሰው ሄደ።

"አቶ ጣሰው፣ ፋብሪካውን ቆጣ ይበሉልኝ።"

"ብቆጣው ዋጋ ይጨምርብኛላ!"

"ሳይቆጡትስ ጨምሮ የለም እንዴ?"

"እሱስ ጨምሯል" አሉ አቶ ጣሰው፤ ማራገቢያውንም ወደ ራሳቸው አዞሩ።

አስመጪው ፋብሪካውን አልቆጣ አለ፤ ኢፍቱ አስመጪውን አልጠይቅ አለች፤ ጎማው አልገጥም አለ፤ ታንኩ አልቆም አለ።

ወንዳፍራሽ የፋብሪካውን አድራሻ ከካርቶኑ ላይ አገኘና መልእክት ላከ። ባሕር ማዶ ካለው ፋብሪካ የመጣው መልስ ትሕትና ያልጎደለው ነበር። "የጎማው ቅርጽ ማውጫ አርጅቷል፤ እናውቃለን። ሆኖም ዋጋ ስንጨምር ገዢ አልቀነሰም። ታዲያ ለምን እናድሰው?"

ፋብሪካው ቅርጽ ማውጫውን አላድስ አለ፤ አስመጪው ፋብሪካውን አልቆጣ አለ፤ ኢፍቱ አስመጪውን አልጠይቅ አለች፤ ጎማው አልገጥም አለ፤ ታንኩ አልቆም አለ።

የቀሩት ገዢዎቹ ናቸው። ገዢዎቹ የቀድሞ ታንከኞች ናቸው፤ እሑድ እሑድ በማኅበራቸው ቤት ተሰብስበው እንደ እሱ ታንክ ይገጣጥማሉ።

"ጓዶች፣ እስኪያስተካክሉት ድረስ መግዛት እንተው።"

ሻለቃ ኅሩይ ሳቁ። "ወንዴ፣ አንተ ገና ነህ! የተበላሸውን ጎን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለህ፤ አለቀ።"

እውነት ነው። መደርደሪያው ላይ ታንኮቹ ሁሉ መጥፎ ጎናቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተሰልፈዋል። እንግዳ ሲመጣ መልካሙን ጎን አይቶ ያደንቃል። ወንዳፍራሽም ሌላ መላ አጥቶ የራሱን ታንክ አምጥቶ ግራ ጎኑን ወደ ግድግዳው አዞረው።

ገዢዎቹ መግዛት አንተውም አሉ፤ ፋብሪካው ቅርጽ ማውጫውን አላድስ አለ፤ አስመጪው ፋብሪካውን አልቆጣ አለ፤ ኢፍቱ አስመጪውን አልጠይቅ አለች፤ ጎማው አልገጥም አለ፤ ታንኩ አልቆም አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ሙክታር የሚስቱን ክንድ ይዞ መጣ። እጁን ወደ መደርደሪያው መሩለት። መጀመሪያ መድፉን አገኘና ፈገግ አለ። በቀኝ በኩል ወረደ፤ አምስቱንም ጎማ በጣቱ ነካ። ከዚያ እጁ ዞረና በታንኩና በግድግዳው መካከል ገባ። እዚያ ያለው የተደበቀው ከሚያዩ ሰዎች ብቻ ነበር።

አራተኛው ጎማ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የአምስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ቀጥሎ ያለውን ታንክ ዳበሰ። ከእሱም ቀጥሎ ያለውን።

"እነዚህን ሁሉ ማን አነከሳቸው?"

ፊቱን ወደ ታንከኞቹ አዞረ።

"ሻለቃ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚሄድ ታንክ ነበረን?"

ሻለቃ ኅሩይ ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። "አልነበረንም።"

"እንግዲያውስ ይህች የኛ አይደለችም። የኛዋ ስትመጣ ጥሩኝ።"

ሻለቃው የራሳቸውን ታንክ አውርደው ወደ ካርቶኑ መለሱ። ሌሎቹም ተከተሉ። ካርቶን ተሸክመው በሰልፍ ከዚራን አቋርጠው ኢፍቱ ሱቅ ገቡ።

"አቦ፣ ጦርነት ነው እንዴ?" አለች ኢፍቱ።

"አንገዛም" አሉ ሻለቃው።

ድሬዳዋ ብቻዋን ፋብሪካ አታስደነግጥም። ግን ታንከኞቹ የግራ ጎኖቹን ፎቶ አንሥተው በየሀገሩ ላሉ ታንክ ሠሪዎች ላኩ። እነሱም ታንካቸውን ለካ ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፤ ፎቶውን አዩና ታንኮቻቸውን ለሻጮቻቸው መለሱ።

ገዢዎቹ መግዛት ተዉ፤ ኢፍቱ አስመጪውን ጠየቀች፤ አስመጪው ፋብሪካውን ተቆጣ፤ ፋብሪካው ቅርጽ ማውጫውን አደሰ፤ ጎማው ገጠመ፤ ታንኩ ቆመ። ዋጋው አልወረደም፤ መውጣቱን ግን አቁሟል።

ሙክታር ተጠራ። ታንኩን ከግድግዳ አርቀው ጠረጴዛ መሀል አኖሩለት። እጁ በግራ በኩል ወረደ፤ አምስተኛው ጎማ ላይ ደርሶ አረፈ። ጀርባውን አቀና፤ አገጩን ከፍ አደረገ።

"ወንዴ፣ ሞተር አስነሣ!"

ወንዳፍራሽ በአፉ አስነሣው።