ከጺም የወረደች ጠብታ

ዛሬ ስሟን አጣርቶ የሚነግረን የለም እንጂ፣ በተራራ ወገብ ላይ የተቆረቆረች አንዲት ጥንታዊ የሙስሊሞች ከተማ ነበረች። ገዢ አልነበራትም፤ ዘብም አልነበራትም። ነገሯን የምትጨርሰው በሽማግሌዎቿ ሸንጎ ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትኮራው ግን በውሃ ጉድጓዷ ነው። የጉድጓዱ አፍ ክዳን እንጂ ቁልፍ አልነበረውም። በድርቅ ጊዜ እያንዳንዱ ቤት በቀን አንድ እንስራ ይቀዳል፤ ከዚያ በላይ አይነካም። ጠባቂው የሰዉ ተቅዋ፣ አላህን መፍራቱ ብቻ ነበር።

በዚያች ከተማ ሼህ ሸምሰዲን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ መሐላ ሲያስፈልግም ሙስሐፉን፣ ማለትም ቁርኣኑን፣ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ሙንተሃ ነበረች።

ድርቁ ሲጸና ሰዉ ውሃውን ለጉሮሮው ትቶ ለሶላት ተየሙም ማድረግ ጀመረ፤ በንጹሕ አፈር ፊቱንና እጁን ያብሳል። በመስጊዱ የሚሰለፈው ሁሉ ግንባሩ አቧራ ለበሰ። ሙንተሃ ግን ለአባቷ በየሶላቱ ወቅት የውዱእ፣ የሶላት መታጠቢያ ውሃ በማንቆርቆሪያ ታቀርብላቸው ነበር።

«ይሄ ከየት መጣ ልጄ?» ብለው መጀመሪያ ሰሞን ጠየቋት።

«እየጾምኩ ነው አባዬ፤ የራሴ ድርሻ ነው» አለቻቸው።

ደግ ልጅ ናት፤ አመኗት። ዳግመኛ አልጠየቁም።

ጉድጓዱ ግን ሊጎድል ከሚገባው በላይ ይጎድል ጀመር። አንድ ማለዳ ከጉድጓዱ የተነሣ የጠብታ ዱካ ታየ። ሰዎች ተከተሉት። ዱካው ወደ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ገብቶ ጠፋ። በመተላለፊያዋ ውስጥ ሁለት በር አለ። አንዱ የሼህ ሸምሰዲን ነው። ሌላው ከሩቅ አገር መጥቶ በአህያ ጨው የሚያመላልሰው የዙበይር ነው። ሰው ሁሉ የዙበይርን በር አየ። የሼሁን በር ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ አልነበረም።

ወሬው ከተራራው ግርጌ የቆላው ገዢ ዘንድ ደረሰ። ወዲያው አንድ መልእክተኛ መጣ፤ በብብቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ የብረት ጓጉንቸር ይዟል። «ጌታዬ ዘብ ይልክላችኋል» አለ። «መክፈቻው እሱ ዘንድ ይቀመጣል። ስትጠሙ ትጠይቁታላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጨነቃቸው። ሌባውን ራሳቸው አግኝተው ካባረሩ መልእክተኛውን ይመልሱታል፤ ካልሆነ የአያቶቻቸው ጉድጓድ በሌላ ሰው ቁልፍ ሊዘጋ ነው። ስለዚህ ዙበይር እንዲምል፣ ለመማል ካመነታ ደግሞ በዚያው ቀን ከከተማዋ እንዲወጣ ተወሰነ።

ከዐስር፣ ከተሲያቱ ሶላት በኋላ ሕዝቡ በመስጊዱ ግቢ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዳምጣሉ። ጣሃ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ብድግ አለ።

«እስቲ ንገረን፣ አህዮችህን ምን እያጠጣሃቸው ነው? የሁላችን ከብት አጥንቱ ሲቆጠር ያንተ አህዮች የጫጉላ ሙሽራ መስለዋል!»

«ቆላ ስወርድ ከወንዝ ይጠጣሉ» አለ ዙበይር። «ያንተ በቅሎ የከሳችው በውሃ ጥም አይደለም ጣሃ፤ አንተን ተሸክማ ነው።»

አንዳንዱ ሊስቅ ከጀለ፤ ነገር ግን ሳቁ ወዲያው ሞተ። መልእክተኛው ጥቅልሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ይማል!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተነሣ።

ሼህ ሸምሰዲን ከቤታቸው ውዱእ አድሰው፣ ሙስሐፉን ይዘው ቀረቡ። ዙበይር እጁን ሊዘረጋ ብሎ መለሰው።

«አመነታ! አያችሁ?» አለ ጣሃ።

«አላመነታሁም። ያለ ውዱእ ነክቼው ስለማላውቅ ነው። ሼህ፣ ዛሬ ያለኝ ይህ አፈር ነው» ብሎ ፊቱን አሳያቸው። ላብ አቧራውን ፊቱ ላይ መስመር መስመር አውጥቶበታል።

«ተየሙሙ ይበቃሃል፤ አብሽር፣ አይዞህ» ብለው ሼሁ ወደ እሱ ዘንበል አሉ።

በዚህ ጊዜ ከጺማቸው አንዲት የውሃ ጠብታ ወርዳ የሙስሐፉ የቆዳ ሽፋን ላይ አረፈች።

ሼሁ ጠብታዋን አዩ። ቀና ብለው ሕዝቡን አዩ። ግንባር ሁሉ አቧራ ነው። የሳቸው ብቻ ታጥቧል። በአውራ ጣታቸው ቢያብሷት ማንም ባላወቀ ነበር። ዙበይር ግን ጠብታዋን አይቷል፤ ዓይኑን ከሷ አልነቀለም።

«ሙንተሃ!» ብለው ወደ አጥሩ ተጣሩ። «አንቺ አለሽ?»

«አለሁ አባዬ።»

«የአንድ ጾመኛ ድርሻ ለአምስት ወቅት ውዱእ ይበቃል?»

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሴቶች ወደ ሙንተሃ ዞሩ።

«አላህ ይሰማል ልጄ።»

«እርስዎ በስተርጅና በአፈር ሲያብሱ ማየት ሆዴ አልቻለም» አለች ልጅቱ፤ ከዚያ ለቅሶዋ ተሰማ።

ጣሃ ተንደርድሮ የሼሁን ክንድ ያዘ። «ይተዉት ሼህ! የእርስዎ ስም የከተማዋ ስም ነው። ይሄ ሰው እንግዳ ነው፤ ሌላ አገር አያጣም!»

«የኔን ስም በሰው ሐቅ ልታጥበው ነው?» አሉትና ክንዳቸውን አስለቀቁ። ሙስሐፉን ለሌላ ሽማግሌ ሰጥተው ዙበይር ፊት ቆሙ። «ልጄ ሰረቀች፤ እኔ ሳልጠይቅ ተጠቀምኩ። የሷ ከፍቅር ነው፤ የኔ ግን ከስንፍና ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ ሕዝቡ በቃህ እስኪለኝ አይቀዳም። አንተም አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

«በአንደበቴ አፉ ብያለሁ፤ ልቤ ግን ገና ነው ሼህ። ያቺን የእርስዎን በር አንድ ሰው እንኳ አላያትም ነበር» አለ ዙበይር።

መልእክተኛው ሳቀ። ጨርቁን ፈትቶ ጓጉንቸሩን ከፍ አደረገው። «ሼሃችሁ ቤት ሌባ ካለ እናንተማ! በሉ ጉድጓዱን ቆልፌ መክፈቻውን ይዤ ልሂድ።»

ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተሰማ። «እኔም ለፍየሌ ጨምሬ ቀድቻለሁ። አላህ ይማረኝ።» አንድ ሸማኔ ከተቀመጠበት ተነሥቶ «እኔም» አለ። ሌላም ተነሣ። ጣሃ አልተነሣም፤ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ይኸው!» አለ መልእክተኛው። «ሁላችሁም ናችሁ።»

«አዎ፣ ሁላችንም ነን» አሉ ሼህ ሸምሰዲን። «ይህን ያወቅነው ግን ያለ ዘብ ነው። ከዛሬ ጀምሮም በየቤታችን ዘቡ እኛው ነን። ለጌታህ እንዲህ በለው፦ ለገዛ ቤቱ ዘብ ያልቆመ ሕዝብ፣ በከተማው ዘብ ይቆምበታል።»

መልእክተኛው ጓጉንቸሩን መልሶ ጠቀለለው። «ስትፈልጉት ጥሩኝ» ብሎ ወደ ቆላ ወረደ። ሼሁ በቀጣዩ ሶላት እንደ ሰዉ ሁሉ ግንባራቸው ላይ አቧራ ይዘው ተሰለፉ።

የሼሁን ቃል ባሰብኩ ቁጥር የሚከብደኝ «ይቆምለታል» ሳይሆን «ይቆምበታል» ማለታቸው ነው። ነፃነት የሚጠፋው ገዢ ሲመጣ ይመስለናል። ያቺ ከተማ ግን ነፃነቷን ልታጣ የነበረው መልእክተኛው ሳይመጣ በፊት፣ በየቤቱ፣ «ይሄ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ሲቀር ነው። የምንጠይቀውም የእንግዳውን በር ብቻ ነው። ማዕዳችን ላይ ከቀረበው፣ ልጆቻችን ይዘውልን ከሚገቡት፣ በፍቅር ተሸፍኖ ከሚሰጠን ውስጥ ስንቱን ጠይቀን ተቀበልን? ሐራም በጠላት እጅ ብቻ አይመጣም፤ አንዳንዴ በምንወደው ሰው እጅ፣ ለዒባዳ፣ ለአምልኮ ተብሎ፣ በማንቆርቆሪያ ይቀርባል።

ያ ጓጉንቸር አልተጣለም። ተጠቅልሎ በአንድ ሰው ብብት ሥር እንዳለ ነው፤ እስክንጠራው ይጠብቃል።