ለራሱ ተዝካር የደረሰው ቀበሮ

ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጠጋ በሉ፣ ይህ ተረት ከልጆቹ ይልቅ እናንተን ይመለከታል። ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ ቆርቦ በሚጋባበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አገር አንድ አያ ቀበሮ ነበር። ሚስቱን እመት ቀበሮን ያገባት በቁርባን ነው። አክሊል ደፍተው፣ ከሞት በቀር የሚለየን የለም ብለው በነፍስ አባታቸው በአባ ኤሊ ፊት ቃል ገብተዋል።

አንድ ክረምት አያ ቀበሮ ታሞ ተኛ። እመት ቀበሮ ለእሱ ምግብ ፍለጋ ወጥታ ወጥመድ እግሯን ሰበረባት። እሱ ዳነ፤ እሷ አነከሰች። ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ከአንካሳ ጋር መሄድ ያሳፍረኛል አለ። ዓይኑንም ወንዝ ማዶ ባለች ኮረዳ ቀበሮ ላይ ጣለ።

አባ ኤሊ ዘንድ ሄዶ አፋቱኝ ቢላቸው፣ በሰማንያ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ያፋታህ ነበር፣ ቁርባንን ግን የሚፈታው ሞት ብቻ ነው አሉት።

አያ ቀበሮ እየሳቀ ወጣ። ሞት ብቻ ከሆነማ መሞት ነዋ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር የት አለ?

በማግስቱ እግሩን ዘርግቶ ሞተ። እመት ቀበሮ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ ልቅሶዋ የእውነት ነበርና ያሳዝናል። አባ ኤሊ ፍትሐት አደረሱለት፣ አውሬው ተሸክሞ ዋሻ ውስጥ አኖረው፣ በሩንም በድንጋይ ዘጋ። አያ ቀበሮ በጓሮ ቀዳዳ ሹልክ ብሎ ወንዙን ተሻገረ። የኮረዳይቱ አባት ግን ብልህ ነበሩና፣ ነፃ መሆንህን የነፍስ አባትህ ይመስክሩልኝ አሉት።

እሱም ወንዝ ማዶ ሲለማመጣቸው ሰንብቶ፣ እምቢ ሲሉት ምስክርነቱን ሊያመጣ ተመለሰ። የደረሰው በገዛ ተዝካሩ ቀን ነው። ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ደነገጠ፤ እመት ቀበሮ የያዘችው ሌማት ከእጇ ወደቀ። እሱ እሷን አልፎ ቀጥታ ወደ አባ ኤሊ ሄደ።

«አባቴ፣ እስከ ሞት ብለው ነበር። ይኸው ሞቻለሁ። አሁን ነፃ ነህ ይበሉኝ።»

አባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ቅርፊታቸው ከተቱ። ቆይተው ብቅ አሉና፣ «እሺ ልጄ፣ ሞተሃል» አሉት።

ደስ ብሎት ገበታ ቀረበ። አሳላፊው ዘለለው፤ ሙት አይበላም አለው። ጎጆው ሊያርፍ ሄደ። ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ሙት ቤት የለውም፣ ቤቱ የባልቴቷ ነው አለው። ወንዙን ተሻገረ። የኮረዳይቱ አባት ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ነበርና፣ ሙት አያገባም፣ ልጄን ለመቃብር አልድርም አሉት።

ዝናቡ ወረደ። ረሃቡና ብርዱ ሲጠናበት ተመልሶ፣ ሕያው ነህ ይበሉኝ ብሎ አባ ኤሊ እግር ላይ ወደቀ።

«ሕያው ከሆንክማ ባል ነህ» አሉት። «ሂድና እሷን ለምናት።»

እመት ቀበሮ በሩን ገርበብ አድርጋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አልቅሳ የቀበረችው ባል ውሃ እያንጠባጠበ ፊቷ ቆሟል።

«አንተ ብትሞትም እኔ አልሞትኩም፤ ቃሌም አልሞተም» አለችው በመጨረሻ። «ግባ። ከእንግዲህ ግን አደን የምትወጣው አንተ ነህ።»

ከዚያ ወዲህ ለሁለቱም የሚያድነው እሱ ሆነ፤ መንገድ ሲወጡም በእሷ እርምጃ ልክ ይራመዳል። አንዳንዴ ተሰላችቶ ሊያማርር አፉን ሲከፍት ጎረቤት ይቀድመዋል፦ «ምነው አያ ቀበሮ፣ ደግሞ ሊሞቱ አሰቡ እንዴ?»

እኔ ተረቴን እዚህ አሳደርኩት፤ እናንተ ይህችን ይዛችሁ ግቡ፦ ከኪዳን ሊሸሽ ቢሞት፣ ነፍሱን ለመነ ከሚስቱ ቤት።